ስለ መነጽር ፍሬም፣ እና ስለዘለልኩት መስመር



ሁለት ወር ከዚህ የጠፋሁት አኩርፌ አይደለም። በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ። ማንበብ ግን አቅቶኝ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ያቃተኝ መነጽር አጥቼ ሳይሆን አዲስ መነጽር ገዝቼ ነው።

እና ዛሬ የማወራችሁ ስለ መነጽር ፍሬም ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስተማርኳችሁማ ይህን ጽሑፍ ራሱ ስልካችሁን ክንድ ሙሉ አርቃችሁ እያነበባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አርባን የተሻገረ ዓይን ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ቅርብ ለማየት መለጠጥና መኮማተሩን ይተዋል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ሁላችንም ጋ ይመጣል።

እኔ ለዓመታት ሁለት መነጽር ይዤ ነው የኖርኩት። አንዱ የሩቅ፣ አንዱ ከመንገድ ዳር የገዛሁት ፕላስ ሁለት። (ፎካል ርቀቱ ስንት ነው? ግማሽ ሜትር። የረሳ ካለ አፍራለሁ።) ሰሌዳውን ሳይ አንዱን፣ ደብተር ሳርም ሌላውን። የምፈልገው ሁሌም የሌለበት ኪስ ውስጥ ነበር። ጡረታ ስወጣ በቃ፣ ፕሮግረሲቭ የሚባለውን አሠራለሁ አልኩ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ፕሮግረሲቭ ማለት በአንድ ሌንስ ላይ ከላይ የሩቁ፣ መሃል ላይ የመካከለኛው፣ ከታች የቅርቡ ያለበት፣ መስመር የማይታይበት ሌንስ ነው። ለሁለት የተከፈለውን ባይፎካልን አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንኳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያደርገው ነበር፤ ፓሪስ ላይ ገበታ ቀርቦ ሳህኑንም የሚያናግረውን ሰው ፊትም በአንድ መነጽር ለማየት። መስመር የሌለው ፕሮግረሲቭ ግን ቫሪሉክስ በሚል ስም በፈረንሳይ ለገበያ የወጣው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ መሐንዲሱ በርናርድ ሜትናዝ ይባላል። ባይፎካል ለምን አላሠራሁም? እውነቱን ልናገር፤ መስመሩ ሽማግሌ ያስመስላል ብዬ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው እንግዲህ።

የዓይን ሐኪሙ መረመረኝና ጻፈልኝ፤ ለሩቅ ማይነስ 1.25፣ ለንባብ የሚጨመረው ፕላስ 2.25። ወረቀቱ ልክ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ። ወረቀቱን ይዤ የእህቴን ልጅ አስከትዬ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። እሱ ፍሬም መረጠልኝ። ጥቁር፣ ጠበብ ያለች፣ ከቅንድብ ሥር ቀጭን ሆና የምትቀመጥ። «አጎቴ፣ አሥር ዓመት ነው የቀነሰችልህ» አለኝ። መስታወት ሳይ እውነትም የቀነሰች መሰለኝ። ሻጩ በዓይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካ፣ 62 ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። ከአንድ ወር ጡረታዬ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍዬ ወጣሁ።

መነጽሩ ሲደርስ ሩቁ ፏ ብሎ ታየኝ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አዞረኝ፤ ይህ እንደሚመጣ ነግረውኝ ነበር። ንባቡ ግን አልሆነም። አንድ መስመር ለማየት አገጬን ወደ ሰማይ ማንሳት ነበረብኝ፣ ዶሮ ውሃ ስትጠጣ እንደምታደርገው። ወይም በጣቴ ፍሬሙን ወደ ላይ ገፍቼ መያዝ። እንደዚያም ሆኖ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ጭንቅላቴን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞርኩ እንደ ታይፕራይተር። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። «ይለምዱታል» አሉኝ። በአምስተኛው ሳምንትም «ይለምዱታል»። ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ፊዚክስ ከበደን» ላላችሁኝ ሁሉ «ትለምዱታላችሁ» ስላችሁ ስለኖርኩ ምን አፍ አለኝ? ዝም ብዬ ተመለስኩ።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ። የምጽፈው የቤተሰቡን፣ በተለይም የእሷን ፈቃድ ጠይቄ ነው።

በዚያው ሰሞን የረጅም ዘመን ጓደኛዬ አረፈ። ሒሳብ መምህር ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን እዚህ አልጽፍም። በቀብሩ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ወንዱ ልጁ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠኝና «ጋሼ፣ የሕይወት ታሪኩን እርስዎ ያንብቡልን» አለኝ። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፣ በሁለት ገጽ እንዲያልቅ ፊደሉን አሳንሰውታል። ያኔ «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፣ ለሌላ ሰው ስጥ» ማለት ነበረብኝ። ቢያንስ ወረቀቱን ተቀብዬ ጥግ ይዤ አንድ ጊዜ ማየት ነበረብኝ። አላደረግኩም። ሠላሳ ዓመት በሰው ፊት ቆሜ ያወራሁ ሰው፣ ሁለት ገጽ ማንበብ ያቅተኛል?

ፀሐይ ነበር። አልቦኝ ነበር፤ እንባም ነበር። መነጽሩ ይንሸራተታል፣ እኔ አገጬን አነሳለሁ፣ በአንድ እጄ ወረቀት በሌላው ማይክ። እንደምንም እያልኩ ጨረስኩ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኝ መስሎኝ ነበር፤ ያዘነልኝ መሰለኝ።

ማታ ድንኳን ውስጥ ልጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ይዟል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ለምን ዘለሏት?» አለኝ።

ጓደኛዬ ከማግባቱ በፊት የተወለደች ሴት ልጅ ነበረችው። ክፍለ ሀገር አያቷ ዘንድ ያደገች። እሷን በተመለከተ በቤቱ የነበረውን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ሁላችንም እናውቀው ነበር። አሁን ግን በሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ሙሉ መስመር ተጽፎላታል፤ ስሟ፣ የት እንዳለች፣ ሥራዋ። የመጀመሪያ ልጁ ናት ይላል። ዓይኔ ከላይኛው መስመር መጨረሻ ተነስቶ ቀጣዩን ሲፈልግ እሷን አልፎ ሦስተኛው ላይ አረፈ። ሦስተኛው መስመር «በትዳሩም ሁለት ልጆችን አፍርቷል» ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ጎደለ ብዬ እንኳ አልጠረጠርኩም። «ትዳሩም» የምትለዋ «ም» ልታስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

እሷ ሕዝቡ መሃል ቆማ ነበር። ከቀብሩ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደች፤ ለቅሶ ቤቱ እህል አልቀመሰችም።

ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «ደብቀዋት ቀሩ» አለ። ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሊያወጣት የጻፈውን እኔ ነኝ መልሼ የደበቅኳት። ይህን ለመነጽር ብዬ ለማን ላስረዳ? «አላየሁትም» የሚል ሰው ማን ያምነዋል?

ደወልኩላት፣ አላነሳችም። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን አነሳች። የሆነውን እንዳለ ነገርኳት፣ መነጽሩንም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ የለመድኩት ነው» አለች። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ መነጽር ቤት ሄድኩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ የተማረች ልጅ አገኘሁ፤ ዕድሜዋ ከመጨረሻው ባች ተማሪዎቼ አይበልጥም። አዲስ ፍሬም ልታሳየኝ አልቸኮለችም። «መጀመሪያ ይሄ ለምን እንዳልሠራ እንየው» አለች። ልቤን እዚያው ላይ ወሰደችው፤ ፊዚክስ ማለት'ኮ ይኼው ነው።

ያደረገችውን ልንገራችሁ፣ እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል። ሌንሱን ከመብራት ሥር እያዘነበለች ፈለገች ፈለገችና ሁለት ደቃቅ ምልክቶች አገኘች። ለካ ፋብሪካው በእያንዳንዱ ፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ በ34 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት የማይጠፉ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ምልክቶች ይቀርጻል። እነሱን በማርከር ነካቻቸው። ከእነሱ ተነስታ የሌንሱን ካርታ ሣለች፤ ብሌኔ የሚያርፍበት መስቀል እዚህ፣ የሩቁ እዚህ፣ የንባቡ ክብ እዚህ። የንባቡ ክብ አብዛኛው ከፍሬሙ ውጭ ነበር! ሌንሱ ሲቆረጥ ተቆርጦ ወድቋል። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩበት ማንበቢያ የአንድ መነጽር ቤት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው የቀረው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፍሬሜ የሌንስ ቁመት 26 ሚሊ ሜትር። ብሌኔ መሃሉ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ከብሌኔ በታች 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። ያ የሌንስ ዓይነት ግን ከብሌን እስከ ታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 18 ይፈልግ ነበር። አምስት ሚሊ ሜትር ጎደለ። የአንዲት መስመር ያህል።

በፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ቅርጹ ብርሌ ይመስላል። ሰፊው አፉ ሩቁ ነው፣ ቀጭኑ አንገቱ መካከለኛው፣ ሆዱ ንባቡ። ከብርሌው ግራና ቀኝ ያለው ብዥ ይላል፤ ይህ የአሠሪው ስንፍና አይደለም፣ አንድን ገጽታ ያለ መስመር ከአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ስትወስዱት በጎን የምትከፍሉት ዋጋ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። አጭር ፍሬም ውስጥ ሲገባ የብርሌው ሆድ ተቆርጦ አንገቱ ብቻ ይቀራል። እኔ በአንገቱ ነበር ሳነብ የከረምኩት። አጭር ለሆነ ፍሬም የሚሠራ፣ 14 ሚሊ ሜትር የሚበቃው ሌንስም አለ፤ ግን ከሩቅ ወደ ቅርብ በአጭር ቦታ ስለሚወርድ የመካከለኛው ቦታ ይጠብባል። ኮምፒውተር ላይ ለምትውሉ አይመከርም አለችኝ።

ከዚያ ፍሬም መረጥን። የወደድኩትን ሳነሳ እሷ በማስመሪያ ቁመቱን ትለካለች። በፍሬሙ እጅ ውስጠኛ ገጽ ላይ 54፣ 18፣ 140 የሚሉ ቁጥሮች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ የሌንሱ ስፋት፣ በአፍንጫ ላይ ያለው ድልድይ፣ የእጁ ርዝመት ናቸው። ቁመቱ ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም! ለፕሮግረሲቭ ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ። ሠላሳ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እፎይ ትላላችሁ።

የፓይለት መነጽር የሚመስለውን፣ ወደ አፍንጫ በኩል ከታች የሚሸሸውን ስመርጥ ከእጄ ወሰደችው። ስናነብ ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ አፍንጫችን ይጠጋሉ፤ ስለዚህ የንባቡ ቦታም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚሠራው። ያ ቅርጽ ልክ እዚያው ላይ ነው የሚቆርጠው። በጣም ሰፊ የሆነውንም አልወደደችውም፤ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ግን በጎን የሚመጣው ብዥታውና ክብደቱ ነው። ፊትን የሚጠቀልለውንም እንዲሁ።

የመጨረሻው ምርጫ የወሰነው አፍንጫዬ ነው። የፕላስቲኩ ፍሬም ውብ ነበር፣ ግን ድልድዩ ለአፍንጫዬ ሰፊ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ወርዶ አገኘሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ካርታው በሙሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ብረቱ ግን አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ እነሱን በማጠፍ ከፍ ዝቅ፣ ጠበብ ሰፋ ማድረግ ይቻላል። ቁመቱ 34። ቡናማ። የእህቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ «የቀበሌ ሊቀመንበር አስመሰለህ» አለኝ። ይሁን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ይህን ነው፦ ከመለካቷ በፊት ፍሬሙን ፊቴ ላይ አስተካከለች። ጎማዎቹን አጠፈች፣ ከጆሮዬ በኋላ ያለውን አጎነበሰች፣ የታችኛው ጠርዝ ወደ ጉንጬ ትንሽ ዘመም እንዲል አደረገች፣ ራሴን አስነቀነቀችኝ። ከዚያ በኋላ ነው እኩል ቁመት ላይ ተቀምጣ «ዓይኔን ይዩኝ፣ ሰውነትዎን ልቀቁት» ብላ በማሳያው ፕላስቲክ ላይ በማርከር ነጥብ ያደረገችው። አንዱን ዓይን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ። ያ 62 የተባለው ቀኝ 32፣ ግራ 30 ሆኖ ተገኘ፤ አፍንጫዬ መሃል ላይ አይደለችም ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ። ፕሮግረሲቭ የሚያሠራላችሁ ሰው ፍሬሙን ፊታችሁ ላይ አድርጎ ነጥብ ሳያደርግ «ጨርሻለሁ» ካላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

የድሮው ሌንስ ተነቅሎ ይህኛው ውስጥ ይግባ ብዬ ነበር። ተቆርጦ ያነሰ ሌንስ ትልቅ ፍሬም ውስጥ አይገባም። እንደገና ከፈልኩ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ፤ ቀን ቆጠርኩ፣ አርባው ከመድረሱ አምስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣ ይዤ ወንበር ላይ ተደግፌ፣ አገጬ ባለበት ሆኖ፣ ዓይኔን ብቻ ወደ ታች ሳወርድ ፊደሉ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። በጎን አሁንም ትንሽ ይዋኛል። ያንን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል አለችኝ፣ እውነትም በየቀኑ ይሻለኛል። የሚለመድና የማይለመድ ለየቅል መሆናቸውን ግን ያኛውም ሻጭ ማወቅ ነበረበት።

የጓደኛዬ ሚስት ዘንድ ሄጄ በአርባው ታሪኩን እንደገና ላንብብ ብዬ ጠየቅኩ። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሁላችንም ዝም ያልነው እሷ እንዳይከፋት ብለን ነበርና። «ያንን መስመር ያስጻፍኩት እኔ ነኝ'ኮ» አለችኝ። «እሱ ታሞ ሳለ ለምኖኝ። አንተ ስትዘለው የሱን አደራ የበላሁ መሰለኝ።»

ለልጅቷ የደወለችላት እሷ ራሷ ናት። መጣች። በዋዜማው ወረቀቱን ወስጄ ቤቴ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአርባው ዕለት የነበረው ሰው ከቀብሩ ዕለት ሩቡ አይሆንም፤ ያ ይቆጨኛል፣ ሐሜቱን የሰማው ሁሉ እርማቱን አልሰማም። ቢሆንም ቆሜ መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ፣ ከዚያ አነበብኩ። ስሟን፣ ያለችበትን፣ ሥራዋን። የመጀመሪያ ልጁ። ቀጥሎ ሁለቱን።

ከበላን በኋላ አጠገቤ መጣችና ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ፊቴን ትንሽ አየችና «አዲሱ ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው» አልኳት።

«ደረጃው ላይስ?»

ደረጃው ላይ አሁንም እፈራለሁ። አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ በላይኛው በኩል ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን ገና አላመነኝም። ከድንኳኑ ስንወጣ ሦስት ደረጃ ነበር፤ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ።